የአንጥረኛው ሰምና የባለቅኔው ኮምፓስ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ መድኃኔ ዓለምም ሆነ በየካ ሚካኤል፣ የክብረ በዓል ማሕሌት በሚቆምበት ሌሊት ለዕለቱ የተዘጋጀ አዲስ ቅኔ ይበረከታል። በቅኔ ሥርዓት ትናንት የተሰማው ዛሬ እንደ አዲስ አይደገምም። ስለሆነም የቅኔ ታሪክ የመፈጠር ብቻ ሳይሆን የመጥፋትም ታሪክ ነው።

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሙያ ነው። አንጥረኛው የሚሻውን ቅርጽ በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። በቅኔም ሰሙ ምሳሌው፣ ወርቁ የታለመው ምስጢር ነው። ብዙ ሰው ወርቁ ሁልጊዜ ስውር ይመስለዋል፤ ሊቃውንቱ ግን መንገዶቹን ይለያሉ። በሰምና ወርቅ ምሳሌውና ተመሳዩ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በኅብር አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል፤ በውስጠ ወይራ ምስጢሩ ከላይኛው ንግግር ሥር ይሰወራል። ልኩም የተወሰነ ነው፤ ጉባኤ ቃና 2፣ ዘአምላኪየ 3፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ቤት አላቸው።

በእንግሊዝ አገር ከ1572 እስከ 1631 እ.ኤ.አ. የኖረው ጆን ደን፣ ኋላ «ሜታፊዚካል» ከተባሉት ባለቅኔዎች ቀዳሚው ነው። 14 ስንኝ ባለው በሶኔት ቅርጽ 19 መንፈሳዊ ግጥሞች ደርሷል። ሶኔት ባልሆነ ሌላ ግጥሙ ደግሞ በጉዞ የሚለያዩ ፍቅረኞችን ነፍስ በኮምፓስ ሁለት እግሮች መስሏል፤ አንዱ መሐል ተተክሎ ሲቆም ሌላው ርቆ ይዞራል፤ ዟሪው ክቡን በትክክል የሚዘጋውም ቋሚው በመጽናቱ ነው። ምሳሌውም ተመሳዩም በግልጽ ስለ ተነገሩ፣ በእኛ ሊቃውንት ሚዛን ይህ ሰምና ወርቅ እንጂ ውስጠ ወይራ አይደለም።

የደን ግጥሞች አብዛኞቹ በዘመኑ በእጅ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲተላለፉ ቆይተው፣ በሞተ በሁለት ዓመቱ፣ በ1633 እ.ኤ.አ. ታተሙ። በአገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደምትና የኋለኞች ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሳይጻፍ የቀረው ግን ከሰሚዎቹ ጋር አልፏል።

አንጥረኛ ሰሙ ቢቀልጥ አያዝንም፤ ወርቁ ይቀርለታልና። ያልተመዘገበ ቅኔ ግን ሰሙም ወርቁም አብረው ይሄዳሉ። የሥራውን ንድፍ መዝግቦ ማኖር ልማዱ የሆነ ባለሙያ ይህን ጉዳት ለመረዳት አይቸገርም።