ከሰማይ ይልቅ ምድር ላይ፦ አውሮፕላን፣ ውልብልቢትና የጤና ባለሙያ በደጋው አገር

መግቢያ

በአገራችን የሕክምና ታሪክ አውሮፕላን የሚወሳው ባዳነው ሕይወት ነው። መንገድ ባልደረሰበት ተራራ መድኃኒት አድርሷል፤ በቃሬዛ ቢሆን ቀናት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ በደቂቃዎች አሳጥሯል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን እምብዛም ያልተነገረለትን ገጽታ ነው፤ ይኸውም አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር መሬት ከነካ በኋላ የሚሽከረከረው ውልብልቢት (በተለምዶ ፕሮፔለር የሚባለው) በዙሪያው ለተሰበሰበው ሰው የሚያመጣውን አደጋ ነው። ሕመምተኛን ለማሳፈር ወይም ክትባት ለመረከብ ሜዳው ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከፍርሃት ወደ ጉጉት

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሕዝባችን አውሮፕላንን ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚያዘንብ የጥፋት መሣሪያ አድርጎ አወቀው። የቀይ መስቀል ምልክት የያዙ የሕክምና ጓዶች ሳይቀሩ ከአየር ተደብድበዋል። በዚያው ጦርነት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በአምቡላንስ አውሮፕላን የሕክምና አገልግሎት ይሰጡ ነበር። ለጎጃም አርበኛም ሆነ ለገበሬው የሞተር ድምፅ የአደጋ ምልክት ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ወደ ጫካና ወደ ዋሻ ይሸሽ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በኋላም ዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ ወደ ብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ይበሩ ጀመር። በክረምት ጭቃና በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ለተቸገረ መንገደኛ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ያ የሚፈራው ፍጥረት አሁን ከብት በሚግጥበት ሜዳ አጠገብ ያርፋል፤ እንግዳ ያመጣል፤ ሰውም ሊያየው ይሮጣል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው አውሮፕላንን የፈራው በሰማይ ሳለ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ሲያገኘው ግን የሚያስፈራ ነገር አይታየውም። ዲሲ-3 በጅራቱ ጎማ ተደግፎ አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቶ የሚቆም በመሆኑ፣ አብራሪው መሬት ላይ ሲነዳ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በደንብ አያይም። የመንገደኛው በር ከክንፉ በስተኋላ ስለሆነ የሚወርደው ሰው ከውልብልቢቱ ይርቃል። ሊቀበል የሚሮጠው ዘመድ ግን ከፊት ሊመጣ ይችላል።

የፈንጣጣ ዘመቻና ሄሊኮፕተር

አውሮፕላንና የጤና ባለሙያ በደጋው አገር በቅርብ ከተገናኙባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ነው። ዘመቻው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ የያዙ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገደል ወጥተው ወርደዋል። ልማዳዊው የፈንጣጣ ክትባት ሥር በሰደደባቸው የደጋ ወረዳዎች ተቃውሞም ገጥሟቸዋል። በእግር በቀላሉ ለማይደረስባቸው ቦታዎች ሄሊኮፕተሮች ተሰማሩ። ከእነዚህ መካከል በእጅ ቦምብ የወደመ፣ አብራሪውም በታጣቂዎች የታገተበት ነበር። በመጨረሻ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጨረሻ ሕመምተኛ በባሌ ተመዘገበ።

ሄሊኮፕተር ሜዳ አይፈልግም፤ መንደሩ አጠገብ ያርፋል። ድምፁ ብቻ ሕዝብ ይሰበስባል። ለከታቢው ይህ መልካም ዕድል ቢሆንም፣ የተሰበሰበው ሰው በተዳፋት ላይ ከቆመ አደጋው ይከብዳል። ትልቁ ውልብልቢት በሽቅቡ በኩል ወደ መሬት ይቀርባልና ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ሰው በራሱ ቁመት ሊገናኘው ይችላል። የጅራቱ ትንሽ ውልብልቢት ደግሞ በፍጥነት ስለሚዞር ፈጽሞ አይታይም። ሞተሩ ጠፍቶ ውልብልቢቱ ሲዘገይም ስለቶቹ ወደ ታች ይለምጣሉ፤ ነፋስ ከመጣ ይባስ ዝቅ ይላሉ።

የደጋው ጠባይ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ቀን ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልገዋል፤ ሲያርፍም መሬቱን የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው። ከሜዳው ጫፍ የቆመ እረኛ ‹‹እዚህ አይደርስም›› ብሎ የገመተው ግምት ሊያሳስተው ይችላል። በተጨማሪም ከሰዓት በኋላ ደመና ተራራውን ስለሚከድን አብራሪው ይቸኩላል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ሕመምተኛ ለመጫን ይፈተናል። ሁለት ስለት ያለው ውልብልቢት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር አንዱን ቦታ በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ ይመታዋል። ዓይን የሚያየው ስስ ጥላ ብቻ ነው።

ከታሪኩ ለሥራችን

በውልብልቢት የሚደርስ ጉዳት ጥልቅ ቁርጠትንና መጨፍለቅን የሚያጣምር ሲሆን፣ በብዛት ጭንቅላትንና ክንድን ያጠቃል። የራስ ቅል ስብራትና የአካል መቆረጥ የተለመዱ ናቸው። ሞተሩ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ ወደ ተጎጂው መሮጥ ሁለተኛ ተጎጂ ማፍራት ነው። ከዚያ በኋላ ደሙን ቁስሉን በመጫን፣ ካልቆመም ከቁስሉ በላይ በማሰር ማቆም ይገባል። ቁስሉ በአፈርና በፋንድያ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ አይዘነጋም። የተቆረጠው አካል በንጹሕ እርጥብ ፋሻ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸግ፤ በረዶ ቢገኝ እንኳ በቀጥታ አይንካው።

ከሕክምናው የሚበልጠው ግን መከላከሉ ነው። የጤና ባለሙያው አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ ሕዝቡ የሚቆምበትን መስመር ያስይዝ፤ ከብቱንም ያስርቅ። ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ሰዎች አስቀድመው ይመረጡ። ሌላው ዘመድ፣ እናትም ብትሆን፣ ስንብቷን ከመስመሩ ውጭ ታድርግ። ጋቢና ነጠላ በወገብ ይታሰር፤ ጃንጥላ ይታጠፍ። በትከሻ የሚያዘው ዱላና ጠመንጃ፣ ከፍ ተደርጎ የሚያዘው የግሉኮስ ከረጢትም ዝቅ ይበል። ወደ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከፊት አይቀረብም፤ ወደ ሄሊኮፕተር ደግሞ አብራሪው እያየና ምልክት ሰጥቶ፣ ከቁልቁለቱ በኩል እንጂ ከሽቅቡ ወይም ከጅራቱ በኩል አይቀረብም። የቆመ ውልብልቢትም በእጅ አይነካ፤ በባለ ፒስተን ሞተር ላይ ጥቂት መዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል።

መደምደሚያ

አያቶቻችን አውሮፕላን ሲመጣ መሸሽን የተማሩት በመከራ ነው። ልጆቻቸው ደግሞ መድኃኒትና ዘመድ እንደሚያመጣ አይተው መቅረብን ተማሩ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የቀረው ምን ያህል፣ መቼና በየት በኩል እንደሚቀረብ ማወቅ ነው። ይህንን ለሕዝቡ ማስተማር ደግሞ፣ ሕዝቡ በሜዳው ላይ ቃሉን የሚሰማው የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው።