የተዘጋ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊከፈት ይችላልን? የሶላሪስ ታሪክ እንደ ማስረጃ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ኩባንያ የግል ንብረቱ አድርጎ የያዘውና ምሥጢሩን ዘግቶ የሚሸጠው የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሰው ሁሉ ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ በማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በውልና በፍርድ ቤት መዝገብ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የታሪክ ተማሪም ሊመለከተው የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያስተዳድርና ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት ዋና ፕሮግራም ነው። ባለሙያዎች የሚጽፉት፣ ሰው ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ ሶርስ ኮድ ይባላል፤ ገዢው የሚቀበለው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠውን ብቻ ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለውም ሶርስ ኮዱ ለሕዝብ ተገልጦ፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠውና እንዲያከፋፍለው በጽሑፍ ፈቃድ የተሰጠበት ነው። እንግዲህ ማሳየት ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃድ የሌለው ነገር ቢታይም እንደ ተዘጋ ይቈጠራል።

ብዙ ሰው ባለቤቱ ከፈቀደ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ግን ታሪኩን ስንከተል ሁለት ነገር አግኝተናል። አንደኛ፣ ባለቤት የሚባለው ኩባንያ ብዙ ጊዜ የክፍሎቹ ሁሉ ባለቤት አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ በሚገባ የተሰጠ ፈቃድ፣ ሰጪው በኋላ ቢጸጸትም እንኳ ተመልሶ አይሰበሰብም። የጥንቱን የርስት ሙግት ለሚያውቅ አንባቢ የመጀመሪያው ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ያዡ አንድ ሰው ቢሆንም፣ መሬቱ በየትኛው አያት በኩል እንደ ወረደ ሳይቈጠር ሙግቱ አይቈረጥም ነበርና።

የነገሩ ሥር ዩኒክስ ነው። ዩኒክስን በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀመሩት። ላቦራቶሪው የታላቁ የስልክ ኩባንያ የኤ ቲ ኤንድ ቲ ሲሆን፣ ኩባንያው በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ምክንያት ከቴሌኮሙኒኬሽን ውጭ በሆነ ንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ዩኒክስን እንደ ሌላ ሸቀጥ ሊነግድበት ስላልቻለም፣ ከነሶርስ ኮዱ ለዩኒቨርሲቲዎች በጥቂት ዋጋ ይሰጥ ነበር። ኩባንያው በ1984 ተከፋፍሎ ከዚያ ክልከላ ነጻ በወጣ ጊዜ ግን ዩኒክስ ገበያ ወጣ፤ የሶርስ ኮዱም ፈቃድ ዋጋ እየናረ ሄደ።

በዚህ ጊዜ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች በዩኒክስ ላይ ብዙ አዲስ ሥራ ጨምረው ነበር። ሥራቸው ግን ከኩባንያው ጽሑፍ ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ፣ የበርክሌይን ሥራ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ለኩባንያው መክፈል ነበረበት። ስለዚህ በ1989 የራሳቸውን የኔትወርክ ክፍል ለይተው አወጡ። ቀጥለውም ከብዙ ፈቃደኞች ጋር የኩባንያውን ጽሑፍ ክፍል በክፍል እያወጡ በአዲስ ጽሑፍ ተኩት፤ በ1991 ሁለተኛውን እትም ሲያወጡ፣ በከርነሉ ውስጥ ሳይተኩ ቀርተው የተተዉት 6 ፋይሎች ብቻ ነበሩ። በ1992 የኤ ቲ ኤንድ ቲ ቅርንጫፍ የሆነው ድርጅት ክስ መሠረተ፤ ክሱም በ1994 መጀመሪያ በስምምነት ተዘጋ። በስምምነቱ መሠረት ከ18,000 ያህል ፋይሎች መካከል እንዲወጡ የተወሰነው 3 ብቻ ነበር፤ በ70 ያህሉ ላይም የባለመብቱ ስም እንዲጻፍ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው፣ ባለቤቱ ባይፈቅድም በአዲስ መጻፍ የሚባል መንገድ መኖሩን ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ዓመታትን፣ ብዙ እጆችንና የፍርድ ቤት ወጪን ይጠይቃል።

አሁን ባለቤቱ ራሱ ወደ ከፈተው ወደ ሶላሪስ እንለፍ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1982 ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል ጆይ ከበርክሌይ የመጣ ስለ ነበር፣ የኩባንያው የመጀመሪያ ሲስተም በበርክሌይ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። በኋላ ግን ሰን ከኤ ቲ ኤንድ ቲ ጋር ተባብሮ አዲስ ዩኒክስ ሠራ፤ በ1992 የወጣው ሶላሪስ 2ም ከዚያ የተገኘ ነው። እንግዲህ ሶላሪስ በሰን ስም ቢሸጥም፣ መሠረቱ የሌላ ሰው ጽሑፍ ነበረበት። የዩኒክስ መብት በ1993 ወደ ኖቬል ስለ ተላለፈ፣ ሰን በ1994 ለኖቬል 82.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከዓመታዊ ግብሩ ነጻ ወጣ፤ ሆኖም ምሥጢሩን የመጠበቅ ግዴታ ቀረበት። ግዴታውን ያላላው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የዩኒክስ ባለመብት ነኝ ይል ከነበረው ከኤስ ሲ ኦ ጋር ባደረገው አዲስ ውል ነው።

ከዚህ በኋላ ሰን በጥር 2005 ዲ ትሬስ የተባለውን የምርመራ መሣሪያ፣ በሰኔ 14 ቀን 2005 ደግሞ የሲስተሙን ዋና ክፍል ኦፕን ሶላሪስ በሚል ስም ለሕዝብ ከፈተ። ፈቃዱ ሲ ዲ ዲ ኤል ይባላል። ይሁን እንጂ ሁሉም አልተከፈተም። ከሌሎች ኩባንያዎች የተገኙ አንዳንድ ድራይቨሮችና የላይብረሪ ክፍሎች፣ ሰን የመግለጥ መብት ስላልነበረው፣ በማሽን ቋንቋ ብቻ ተሰጡ። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ገንዘብም ከፍሎ፣ የቤቱ አንዳንድ ክፍል ግን ቍልፉ በእጁ አልነበረም።

የ2003ቱ ውልም ቢሆን ያለ ክርክር አልቀረም። በሐምሌ 2008 የዩታ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ኤስ ሲ ኦ ያለ ኖቬል ፈቃድ ውሉን ለማሻሻል ሥልጣን እንዳልነበረው ወስኖ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለኖቬል እንዲከፍል አዘዘ። ሰን በክሱ ተከራካሪ ስላልነበረ፣ የተከፈተው እንደ ተከፈተ ቀረ። አንባቢ ይህን ያስተውል፤ ሲስተሙ ከተከፈተ 3 ዓመት በኋላ፣ ለመክፈቻ የረዳውን ውል የሰጠው ወገን የመስጠት ሥልጣን እንዳልነበረው ተፈረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የታየው በ2010 ነው። በጥር ወር ኦራክል ሰንን ገዝቶ ጨረሰ። በነሐሴ ወር የዕለት ተዕለቱን ሥራ ለሕዝብ ማውጣት ማቆሙ ታወቀ፤ የኦፕን ሶላሪስ አስተዳዳሪ ቦርድም በዚያው ወር ራሱን አፈረሰ። በኅዳር 2011 የወጣው ሶላሪስ 11 እንደገና የተዘጋ ሆነ። ይህ ሊሆን የቻለው፣ ከውጭ ሥራ ያዋጡ ሰዎች ሁሉ ለሰን የጋራ ባለመብትነት የሚሰጥ ውል ስለ ፈረሙ፣ ወራሹ ኩባንያ የወደ ፊቱን እትም በፈለገው ፈቃድ ለማውጣት ሙሉ ሥልጣን ስለ ነበረው ነው።

ነገር ግን አባቶች ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዳሉት፣ ከ2010 በፊት የወጣውን ሊመልሰው አልቻለም። ገና በነሐሴ 3 ቀን 2010፣ ኢሉሞስ የተባለ ማኅበረ ሥራ መቋቋሙ ተነግሮ ነበር። የሥራውም መጀመሪያ ተዘግተው የቀሩትን ክፍሎች፣ ልክ የበርክሌይ ሰዎች እንዳደረጉት፣ በአዲስ ጽሑፍ መተካት ሆነ። የሶላሪስ የፋይል ሲስተም የሆነው ዜድ ኤፍ ኤስም ወደ ፍሪ ቢ ኤስ ዲና ወደ ሊኑክስ ተሻግሮ፣ ከ2013 ጀምሮ ኦፕን ዜድ ኤፍ ኤስ በሚል ስም በጋራ ይሠራበታል። ኦራክል በ2017 ከሶላሪስ ሠራተኞች አብዛኞቹን ሲያሰናብት፣ የተዘጋው ቅርንጫፍ ደከመ፤ የተከፈተው ግን በሌላ ቦታ ሥር ሰድዶ ነበር።

እርግጥ፣ ኦፕን ሶላሪስ ወድቋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ሰን በሩን የከፈተው ሊኑክስ ገበያውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ሶላሪስ የሚለው ስምም በኦራክል እጅ ቀርቷል፤ የኢሉሞስ ሠራተኞችም ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጥቂቶች ናቸው። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ሆኖም ይህ የሚያስረዳው ፈቃድ ሠራተኛን እንደማይተካ እንጂ፣ መከፈቱ ከንቱ እንደ ነበረ አይደለም። ሁለቱን ነገሮች መለየት ይገባል።

ለማነጻጸር ኤም ኤስ ዶስን እንጥቀስ። በ2014 የመጀመሪያዎቹ እትሞች ሶርስ ኮድ በአሜሪካ የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ታየ፤ ፈቃዱ ግን ለንግድ የማይሆን፣ ለጥናት ብቻ ነበር። በ2018 እነዚያው እትሞች ሰፊ ነጻነት በሚሰጠው በኤም አይ ቲ ፈቃድ ወጡ፤ እትም 4 ደግሞ ከአይ ቢ ኤም ጋር በመተባበር በ2024 ተከፈተ። ማሳየትና መክፈት ልዩ ልዩ መሆናቸው፣ የሌላው ባለ ድርሻ ፈቃድም አስፈላጊ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። የተከፈቱትም የገበያ ዋጋቸው ካለቀ ከረጅም ዘመን በኋላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሳችን፦ አዎን፣ ሊከፈት ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ባለመብት መታወቅ አለበት፤ ፈቃዱ የማይሻር መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ሲሄድ ሥራውን የሚረከብ ሰው መኖር አለበት። ስለ ዊንዶውስም ሆነ ስለ ሌላ የተዘጋ ሲስተም ሲጠየቅ፣ ኩባንያው ይፈቅዳልን ከማለት በፊት፣ በውስጡ የስንት ሰው እጅ አለበት ብሎ መጠየቅ የተሻለ ይመስለናል።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የተማሪ ውጤት ዛሬ በእነዚህ ሲስተሞች ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ በተለወጠ ጊዜ ምን እንደሚቀርልን አስቀድሞ በውሉ ማንበብ ብልህነት ነው። ነገ ፕሮግራም የሚጽፉ ባልደረቦቻችንም እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደ ጻፈውና በምን ፈቃድ እንደ ተሰጠ ከመጀመሪያው ቀን መዝግበው ቢይዙ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ሥራውን ለሕዝብ ለመክፈት ሲፈልግ በፍርድ ቤት ደጅ አይጠናም።