መርፌዋ ወደ መብረቅ ስትዞር

(በሬድዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)
ንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27



አራዳ ያደገ ሰው መንገድ ሲጠየቅ የጎዳና ቁጥር አይናገርም። «ጊዮርጊስን አልፈህ፣ የምኒልክን ሐውልት ዞረህ፣ ቁልቁል ውረድ፤ ከዚያ ማንንም ጠይቅ» ይላል። ምልክቱ ሕንፃው፣ ዛፉ፣ የዳቦ ቤቱ ማዕዘን ነው። ታዲያ ክረምት ገብቶ የእንጦጦ ጭጋግ ሲወርድ የጊዮርጊስ ጉልላት ሳይቀር ይሰወራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው አሮጌዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ፣ እዚያው ተወልደው ላረጁ ሰዎች እንኳ የሰፈራቸው መንገድ ጠፋባቸው። መንገዱ የሚታወቀው በምልክቱ ነበርና ምልክቱ ሲሄድ መንገዱም አብሮ ሄደ።

በከተማችን ቋንቋ «አራዳ» ማለት ነቄ፣ ማንም የማያታልለው ሰው ማለት ሆኗል። እኔ ግን ዛሬ አራዳነት ስለማያዋጣበት አንድ ቦታ ልነግራችሁ ነው። ያ ቦታ ደመና ውስጥ ነው።

ከምልክት ወደ መሣሪያ

አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ ሥሪት ስትሆን፣ አብራሪው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ አምጥቶ ከከተማዋ በስተምዕራብ በገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፋት። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

የዚያ ዘመን አብራሪ እንደ አራዳ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። ወንዙን፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ የተራራውን ጫፍ እያየ ይሄዳል። ሰማዩ ክፍት ሲሆን ይህ ይበቃል። ደመና ሲጋርደው ግን ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሰዎች መሣሪያ ሠሩ፤ አድማስን የሚያሳይ፣ ከፍታን የሚለካ፣ የሬድዮ ጣቢያን የሚያመለክት። ከዚያ ወዲህ አብራሪው ዓይኑ ባያይም በመሣሪያው መሄድን ተማረ።

የነሐሴዋ ትንሽ አውሮፕላን

ከመጀመሪያዋ አውሮፕላን 60 ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው በነሐሴ ወር፣ ሰኞ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አንዲት ትዊን ኦተር ከቦሌ ተነሣች። ሁለት ሞተር ያላት፣ አጭር ሜዳ የሚበቃት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ንብረትነቷ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። በውስጧ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የቴክሳሱ የሕዝብ እንደራሴ ሚኪ ሊላንድ ነው።

ሊላንድ በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብን ጉዳይ የሚከታተለው ልዩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃባችን ጊዜ ስለ እኛ ከጮኹት ሰዎች አንዱ ነው። የዚያን ቀን ጉዞው በጋምቤላ ወደሚገኘው ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ነበር። በዚያ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ጭምር፣ ተጠልለው ነበር።

መንገዱን በልባችሁ ሳሉት። ቦሌ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ። በመካከል የምዕራቡ ተራሮች አሉ፤ ነሐሴ ደግሞ የክረምቱ ጉልበት ነው። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም። ፈላጊዎች በዝናብና በደመና መካከል ስድስት ቀን ፈለጓት። እሁድ ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ፤ በውስጧ ከነበሩት አንድም ሰው አልተረፈም። የሊላንድ ባለቤት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መንታ ወንዶች ልጆቹ የተወለዱት እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ። የስንቶቻችን ታክሲ በዚያ ያልፋል!

ደመና ውስጥ የሚዋሹ ነገሮች

ወገኖቼ፣ ደመና ውስጥ የገባን አብራሪ ሦስት ነገሮች ሊያታልሉት ይችላሉ። እኛንም ያው ነው።

አንደኛው የራሱ ስሜት ነው። በጆሯችን ውስጥ እግዚአብሔር ያኖረው ሚዛን አለ፤ ግን ዓይን ካላገዘው ይሳሳታል። አውሮፕላኑ እየተጣመመ ሳለ ሰውየው ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው ይላል። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልለመዱ 20 ሰዎችን ውጭ እንዳያዩ ከልሎ ፈተናቸው። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም! «ልቤ ነግሮኛል»፣ «ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ ትክክል ነኝ» የምትል ወገኔ፣ ልብህ ጨለማ ውስጥ ስንት ሰከንድ ይቆያል?

ሁለተኛው መርፌዋ ናት። በምድር ካለው ጣቢያ የሚወጣውን የሬድዮ ሞገድ እየተከተለች አቅጣጫ የምታመለክት መርፌ አለች። በሰላሙ ጊዜ ታማኝ ናት። ነጎድጓድ ሲቀርብ ግን መብረቅም ሞገድ ይልካልና መርፌዋ ጣቢያውን ትታ ወደ መብረቁ ትዞራለች። አስቡት እንግዲህ! አብራሪው ዝም ብሎ ከተከተላት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ማዕበሉ መካከል ትወስደዋለች። በእኛስ ዘንድ ይህ የለም? አንድ ሰው ድምፁ ስለጎላ፣ ሕዝብ ስለተሰበሰበለት፣ ብልጭታ ስላለው ብቻ መርፌያችን ወደ እርሱ የዞረበት ጊዜ ስንት ነው? ብርቱ ምልክት ሁሉ ከቤት የተላከ አይደለም።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። የከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አብራሪው ከምድር ጣቢያ ቁጥሩን እየጠየቀ ያስተካክለዋል። ሳያስተካክል ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ከሄደ መሣሪያው ከእውነተኛው ቦታ በላይ ነህ ይለዋል። ከፍ ያለ ይመስለዋል፣ ተራራው ግን ከፊቱ ነው። ከዓመታት በፊት በጸሎት የጋልን ሰዎች ዛሬም እዚያው ያለን ይመስለናል። በቃሉ ፊት ራሳችንን ያስተካከልነው መቼ ነው?

ደግ ሰው ለምን ይሞታል?

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ አልሸሸውም። እነዚያ ሰዎች የሄዱት ለበጎ ሥራ ነበር። ታዲያ እግዚአብሔር ደመናውን ለምን አልገለጠም?

ሌላ ታሪክ ልጨምርላችሁ። በ1948 እ.ኤ.አ. ጃክ ሄሚንግስና ስቱዋርት ኪንግ የሚባሉ ሁለት ወንድሞች፣ አውሮፕላን ለወንጌል ሥራ እንዴት እንደሚጠቅም ለማጥናት በትንሽ አውሮፕላን አፍሪካን ዞሩ። በቡሩንዲ ተራሮች ወደቁ፤ አውሮፕላናቸው ከጥቅም ውጭ ሆነች፤ ሁለቱ ግን በሕይወት ወጡ። የጀመሩት የሚሲዮን በረራ አገልግሎት ከጊዜ በኋላ ሱዳንም፣ እኛም አገር ደረሰ።

እነዚህ ተረፉ፣ እነዚያ ሞቱ። «እነዚህ እምነት ነበራቸው፣ እነዚያ አልነበራቸውም» የሚል ካለ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 13ን ያንብብ። የሰሊሆም ግንብ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ጌታ ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም አለ፤ ሰሚዎቹን ግን ወደ ንስሐ ጠራቸው። ካመንክ ጭጋግ አያገኝህም የሚል ወንጌል የጌታ ወንጌል አይደለም። እንዲህ ያለው ትምህርት መጀመሪያ የሚጎዳው ልጅዋን የቀበረችውን እናት ነው።

የጳውሎስ መርከብ

ጳውሎስ ራሱ ማዕበል አግኝቶት የለም እንዴ? ጉዞው አደገኛ እንደሆነ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ መቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ። መልካም ነፋስም ነፈሰ፤ ሁሉም ተሳካ መሰላቸው። ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ፀሐይም ከዋክብትም ለብዙ ቀን አልታዩም። ፀሐይና ከዋክብት እኮ የዚያን ዘመን መርከበኛ መሣሪያዎች ናቸው! በመርከቡ የነበሩት 276 ሰዎች አቅጣጫቸው ጠፋ።

ምን አደረጉ? የውኃውን ጥልቀት ለኩ፤ እንደገናም ለኩ። ወደ ድንጋይ እንዳይጋጩ አራት መልሕቅ ጣሉ። እስኪነጋ ለመኑ። ጥቂት መርከበኞች በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሉ ጳውሎስ አስቆማቸው፤ አብረን ካልሆንን አንድንም አለ። እንጀራም ቆርሶ አበላቸው። መርከቡ ጠፋ፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም ምድር ደረሱ።

መሣሪያ ሲከዳ

አብራሪዎች በችግር ጊዜ የሚጠብቁት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ቀጥሎ አቅጣጫን ማወቅ፣ ከዚያ በሬድዮ መናገር። ከደመናው ሳይገቡ መመለስ ከተቻለ ደግሞ መመለስ ውርደት አይደለም፤ ያስተማሯቸውም እንዲሁ ነው።

ለእኛም እንዲህ ነው። ምናልባት ከፒያሳ ተነሥታችሁ ከከተማው ጫፍ ሰፍራችሁ ይሆናል። ጎረቤት የለም፣ እድር ተበትኗል፣ የለመዳችሁት አጥቢያ ሩቅ ሆኗል። ወይም ሥራ ቆሟል፣ ትዳር ተናግቷል፣ ጸሎታችሁ ከጣሪያ የማያልፍ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ቀጥ በሉ፤ በፍርሃት አትወስኑ፣ በሌሊት የመጣ ሐሳብ አይምራችሁ። ቀጥሎ ቃሉን ክፈቱና የት እንዳላችሁ እወቁ። ከዚያ ተናገሩ! ለሽማግሌ፣ ለመጋቢ፣ ለአንዲት ታማኝ እህት «ጭጋግ ውስጥ ነኝ» በሉ። ዝም ያለን ሰው ማን ያገኘዋል? በአዲሱ ሰፈራችሁም በዚህ ሳምንት የሚጸልዩ ሰዎችን ፈልጉ፤ የድሮው እስኪመለስ አትጠብቁ።

ቤተ ክርስቲያንም ጆሮ ይኑራት። ሰኞ የጠፋ ሰው እሁድ እስኪመጣ የማይፈለግ ከሆነ፣ የሚገኘው ስብርባሪው ነው።

እስከ ዛሬ ሕይወትህን ለጌታ ያልሰጠህ ወገኔ፣ እስከ ዛሬ በራስሽ ብልጠት የሄድሽ እህቴ፣ ኢየሱስ ከሩቅ ሆኖ አቅጣጫ የሚያመለክት ብቻ አይደለም። በሞታችን ጨለማ ውስጥ ራሱ ገብቶ በትንሣኤ የወጣ መንገድ ነው። ባላችሁበት ሆናችሁ እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ማየት አቅቶኛል። ስሜቴ ዋሽቶኛል፣ ብርቱ የመሰለኝን ሁሉ ተከትያለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ፤ ስለ እኔ ሞተህ እንደተነሣህ አምናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ምራኝ። ደመናው ቢገለጥም ባይገለጥም የአንተ ነኝ። አሜን።

ይህን ጸሎት ከልባችሁ ከጸለያችሁ፣ ለብቻችሁ አትያዙት፤ ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ላለ አማኝ ንገሩ። ጌታ ይባርካችሁ።