ሐይቅ፦ ለልጅ ሳይጽፍ ልጅን ያስነበበ አገር

የልጆች መጽሐፍ በአገራችን የትናንት ነገር ነው ይባላል። ከማተሚያ ቤትና ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር መጣ፤ ከዚያ በፊት ልጅ ተረት ይሰማ ነበር እንጂ የሚያነበው አልነበረውም ነው ክርክሩ። ግማሹ እውነት ነው፤ ለልጅ ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ልጅ መጽሐፍ አይዝም ነበር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በወሎ፣ በሐይቅና በአካባቢው ያለፈው ታሪክ የሚያሳየው ልጁን ወደ አዋቂ መጽሐፍ የሚያደርስ፣ ዘመን ያስቆጠረ ሥርዓት እንደነበረ ነው። የጎደለው አንባቢ ሳይሆን በልጁ ቋንቋና ዕድሜ ልክ የተጻፈ ቃል ነበር።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲገቡ፣ ገዳሙን የመጻሕፍት ቤትም አደረጉት። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌላቸው የራሳቸውን ሥዕል ይዟል፤ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሮበታል። እንዲህ ያለ መዝገብ ከአገራችን ጥንታዊ የመጻሕፍት ዝርዝሮች የሚቆጠር ነው። ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፣ ቆዳው እንደሚወጠር፣ እንደሚፋቅ፣ እንደሚሰመር ላሰበ ሰው፣ ያን ያህል ብራና ማከማቸት ተተኪ አንባቢ መጠበቅ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ ቤት ወጥተዋል። ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚነገረው ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ገድላቸው እንደሚለው በሐይቅ ተማሪ ሳሉ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው፣ ወፍጮ እየፈጩ ማኅበሩን ያገለግሉ ነበር። እኚያው ሰው በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፉ። ገድሉ ትምህርቱ የተገለጠላቸው በእመቤታችን ምልጃ ነው ይላል። ያም ሆኖ ትምህርት የከበደውን ወጣት ከደጅ ያላባረረ፣ ታሪኩንም ሳያፍር የጻፈ ማኅበረሰብ ስለ ተማሪ ያሰበ ማኅበረሰብ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ፊደልን ለይቶ አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ የዮሐንስን መልእክት ይጀምራል። በስንደዶ ፊደሉን እየነካ፣ መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ያነባል። አንዱ ገጽ ሦስት ጊዜ በሦስት ፍጥነት ስለሚነበብ፣ ዓይኑ ሳይደክም ጆሮው ይለምዳል። ከዚያ ዳዊት ይደግማል፤ የጨረሰ ዕለትም ቤተሰቡ ይደሰታል። «ታዲያ ግእዙን ሳይረዳ ቢደግመው ምን ዋጋ አለው?» ለሚለው ተቃውሞ ክብደት እሰጠዋለሁ። ትርጓሜው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ብዙዎችም እዚያ ሳይደርሱ ያቆማሉ። ሆኖም ልጁ ድምፅን ከፊደል ጋር ማገናኘቱን፣ መስመር መከተሉን፣ ረጅም ጽሑፍ መሸከሙን ተምሯል። ከባዱ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው፤ ይህ መንገድ በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስም ሴት የማትገባበት ገዳም ነው።

አገሩ የገዳሙ ብቻም አይደለም። ሐይቅ ከተማ ባለችበት በተሁለደሬ የቁርአን ቤት ልጅ የሚማረው በእንጨት ሉሕ ነው። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም አንቀጹን ይጽፋል፣ ያጠናዋል፣ ካወቀው በኋላ ያጥበውና ሌላ ይጽፍበታል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቁም ጽሕፈት የራሱ ሙያ ስለነበር ማንበብ የሚችል ሁሉ መጻፍ አይችልም ነበር፤ እዚህ ግን እጅ ከዓይን እኩል ይማራል። እዚህም ቋንቋው ለወሎ ልጅ ባዕድ ነበር። ለዚያ ጉድለት መልስ የሰጡት ሼሆቹ ናቸው፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት በአማርኛ የገጠሙትን መንፈሳዊ ግጥም፣ መንዙማን፣ በዐረብ ፊደል ጻፉት። አዳማጩ ሁሉ ልጅ አልነበረም፤ ነገር ግን እናቱ በምትናገረው ቋንቋ፣ በዜማ፣ በቃሉ ሊያስቀረው በሚችለው ልክ የተገጠመ ትምህርት ለልጁም ደረሰው። በቀድሞው ወሎ ለልጅ መጽሐፍ የቀረበ ነገር ፈልግ ብባል የማነሣው ይህን ነው።

መንዙማ መጽሐፍ አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ለተማሪ ሲጽፉ ግን በአማርኛ ምሳሌውን የነገሩት በግጥም ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆችም በቃላቸው ያዙት። ከውጭ የመጣውን ተረት የአገሬው ልጅ ለዘመናት በለመደው በጆሮና በቃል መንገድ አስገቡት ማለት ነው። በኋላም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በስብስቡ ውስጥ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን አስተውለው፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በዚያ በር ሴቷም ወንዱም እኩል ገቡ፤ ሐይቅ በሰባት መቶ ዓመት ያላደረገው ይህን ነበር።