ፓትሪክ ሄንሪና ቃሉን የሰሙት

ከእኛ መካከል «ወይ ነፃነት ወይ ሞት» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ቃሉ ባለቤት አለው ይባላል፤ ፓትሪክ ሄንሪ የሚሉት የቨርጂኒያ ጠበቃ። እኔም ንግግሩን አንብቤ ልጨርስ ብዬ ስነሳ ከተናጋሪው ይልቅ የሰሚዎቹ ነገር ያዘኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ በ1736 ሃኖቨር በሚባል የገጠር አውራጃ ተወለደ። አባቱ ከስኮትላንድ የመጡ የተማሩ ሰው ነበሩ። ልጁን ግን መጀመሪያ ምንም ነገር አልያዝለት አለ። ሱቅ ከፈተ፤ ከሰረ። በ18 ዓመቱ ሲያገባ የሚስቱ አባት እርሻና ስድስት ባሮች ሰጡት፤ ቤቱ ተቃጠለበት። እንደገና ሱቅ ከፈተ፤ ያም አልሆነም። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለው በአማቱ መሸታ ቤት እንግዳ ማስተናገድ ያዘ። ሕግን ለብቻው አጥንቶ በ1760 ጠበቃ ሆነ። የገበሬውን አነጋገር የተማረው እዚያ መሸታ ቤት ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ስሙን ያስጠራው የ1763ቱ የቄሶች ክስ ነው። የቨርጂኒያ ቄሶች ደመወዛቸው ትንባሆ ነበር፤ በዓመት 16,000 ፓውንድ። ሰብል ጠፍቶ የትንባሆ ዋጋ ሲወደድ ሸንጎው በ1758 ሕግ አውጥቶ በፓውንድ ሁለት ፔኒ በገንዘብ ይከፈላቸው አለ። የእንግሊዝ ንጉሥ ሕጉን ሻረው። ጄምስ ሞሪ የሚባሉት ቄስ ጉድለቱ ይከፈለኝ ብለው ከሰሱና ተፈረደላቸው፤ የቀረው የካሳው ልክ ብቻ ነበር። ሄንሪ ለመከራከር ሲነሳ በዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጡት የገዛ አባቱ ናቸው። ሕዝብን የሚጠቅም ሕግ የሚሽር ንጉሥ አምባገነን ነው፣ ከሕዝቡም ታዛዥነትን የመጠየቅ መብቱን ያጣል ብሎ ተናገረ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆችም ተመካክረው ለቄሱ አንድ ፔኒ ወሰኑላቸው። አንድ ፔኒ!

በ1765 የሸንጎ አባል ከሆነ ገና ሳምንት ከምናምኑ የቴምብር ቀረጥን የሚቃወም ውሳኔ አቀረበ። ቶማስ ጄፈርሰን ያኔ የሕግ ተማሪ ነው፤ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ኋላ ሲያስታውስ ሆሜር እንደጻፈው ሄንሪ ይናገራል ብሏል። በአፈ ታሪኩ ሄንሪ ንጉሡን ከቄሳር ጋር ሲያስተያይ «ክህደት! ክህደት!» እየተባለ ቢጮህበትም ንቅንቅ አላለም። ግን በዚያው ሰሞን ያለፈ አንድ የፈረንሳይ መንገደኛ የያዘው ማስታወሻ በ1921 ታትሟል። እንደ መንገደኛው ከሆነ ሄንሪ ይቅርታ ጠይቋል፤ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ የደሙን የመጨረሻ ጠብታ እንደሚሰጥም ተናግሯል። የትኛው ነው ታዲያ? ለነገሩ ሸንጎው አምስት አንቀጾች አጽድቆ፣ ሄንሪ ወደ አገሩ ሲመለስ በማግስቱ አንዱን ሰርዟል። የሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ጋዜጦች ግን የጸደቀውንም ያልጸደቀውንም ቀላቅለው አተሙት፤ አገሩንም ያንቀሳቀሰው ያ የጋዜጣ ወሬ ነው።

ዋናው ንግግርስ? መጋቢት 1775 ሪችመንድ ከተማ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጉዳዩ ቨርጂኒያ ትታጠቅ አትታጠቅ ነው፤ ዋሽንግተንም ጄፈርሰንም ተቀምጠዋል። ትታጠቅ የሚለው በጥቂት ድምፅ አለፈ። ሄንሪ ግን ንግግሩን በጽሑፍ አልተወም። ዛሬ የሚነበበው ዊልያም ዊርት የሚባል ጠበቃ በ1817 ያሳተመው ነው። ሄንሪ ከሞተ 18 ዓመት፣ ንግግሩ ከተደረገ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዊርት ሽማግሌዎችን በደብዳቤ እየጠየቀ፣ የቀረውን ከራሱ እየሞላ አቀናበረው። እንግዲህ በቃል የምንሸመድደው የሄንሪን ይሁን የዊርትን ለይቶ የሚነግረን የለም። እኔን ይህ ብዙም አያናድደኝም፤ የእኛም አገር ፉከራ የሚተርፈው በሰሚው አፍ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ1773 አንድ ወዳጁ ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ ልኮለት ሄንሪ መልስ ጻፈ። ባርነት ክፉ እንደሆነ አመነ፤ እኔም ግን ባሮች ገዝቻለሁ፣ ያለ እነሱ መኖር አይመቸኝም፣ ይህንንም ትክክል ነው አልልም አለ። እንዲህ ያለ ግልጽነት ብርቅ ነው፤ ግን ግልጽነቱ አንድም ሰው ነፃ አላወጣም። ወይ ነፃነት ወይ ሞት ካለ ከስምንት ወር በኋላ የእንግሊዝ አገረ ገዥ ዳንሞር ከአማፂያን ቤት ጠፍቶ ለንጉሡ የሚዋጋ ባሪያ ሁሉ ነፃ ነው ብሎ አዋጅ አወጣ። ሄንሪ ያኔ የቨርጂኒያ ጦር አዛዥ ነው። ወዲያው ለየአውራጃው አዋጁ ለሕዝብ ደኅንነት አደገኛ ነው፣ ባሮቹ እንዳይጠፉ ሮንድ ይጠናከር የሚል ደብዳቤ በተነ።

ከዚያማ ሹመቱ ቀጠለ፤ በ1776 የቨርጂኒያ የመጀመሪያ አገረ ገዥ ሆነ። በ1788 ማዕከላዊው መንግሥት ሕዝቡን ይጫናል ብሎ አዲሱን ሕገ መንግሥት ተቃወመ፤ 89 ለ79 ተሸነፈ። በ1791 የመብቶቹ አንቀጾች እንዲጨመሩ ግን የእሱና የመሰሎቹ ጩኸት ትልቅ ድርሻ አለው። በ1799 ሞተ። በኑዛዜው ሚስቱ ከፈለገች ከባሮቹ አንድ ወይም ሁለት ነፃ ልታወጣ ፈቀደላት።

እንግሊዞች ግን በ1783 ከኒውዮርክ ሲወጡ አብረዋቸው የሚሄዱትን ጥቁሮች በስም መዝግበዋል። ከተመዘገቡት አንዱ ራልፍ ሄንሪ ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ ከጌታው ጠፍቶ ወደ እንግሊዞች የገባ ነው። ጌታው ፓትሪክ ሄንሪ ነበር።