የድንቅነሽ አሥር ቀናት በኦስቲን

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሰፈሩበት የውጭ ከተማ «ሉሲ» የሚል ስም የተጻፈበት ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስሟ ከባንዲራው ቀጥሎ የሀገር ምልክት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለስሟ ራሷ፣ ማለትም አጥንቷ፣ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለአሥር ቀናት በራጅ ስትመረመር እንደሰነበተች የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ ምርመራ የተገኘው ውጤት ደግሞ ዛሬ ተማሪ ቤት ድረስ ዘልቋል።

ነገሩ የሚጀምረው አፋር ውስጥ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ሆኖ ሐዳር ላይ አፈር ለብሶ የተኛውን የክንድ ስባሪ አየ። በዋዜማው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ስልሳ ያህል የንጉሡ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች በደርግ ውሳኔ ተረሽነው ነበር። ሀገሩ በዚያ ኀዘንና ድንጋጤ ላይ እያለ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ፍጡር ከመሬት ወጣች። አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ። በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል የተሟላ አካል ከዚያ በፊት አልታየም ነበር።

ድንቅነሽ ወደ ክሊቭላንድ ተወስዳ ስትጠና ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ሀገሯ ተመለሰች። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ዋናው አጥንት በብሔራዊ ሙዚየም ካዝና ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው። በዓለም ዙሪያ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም የተማረው በቅጂ ነው። ቅጂ ደግሞ የውጩን መልክ እንጂ የውስጡን አያሳይም። ኦወን ላቭጆይ የተባለው ሊቅ የተጨፈለቀውን የዳሌ አጥንት አስተካክሎ ለመገጣጠም የዳሌውን ቅጂ ቆራርጦ እንደገና መለጠፍ ነበረበት። ዋናውን መቁረጥ የሚታሰብ አይደለማ!

በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት ድንቅነሽን ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሲልክ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ። እንደ ሪቻርድ ሊኪ ያሉ ታዋቂ ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ የስሚዝሶኒያን ተቋምም ትርኢቱን አላስተናግድም አለ። ከኢትዮጵያውያንም «እንዲህ ያለ ቅርስ እንዴት ለጉዞ ይሰጣል?» ያሉ ነበሩ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ምትክ የሌለው ዕቃ ቢሰበር ማንም አይተካውም። ትርኢቱ በሂዩስተን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተከፈተ።

የሂዩስተኑ ትርኢት አልቆ ወደ ሲያትል ከመሄዷ በፊት፣ በሴፕቴምበር 2008፣ ድንቅነሽ በጸጥታ ወደ ኦስቲን ተወሰደች። ለሕዝብ የተነገረው ከወራት በኋላ በ2009 ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ካፕልማንና ሪቻርድ ኬቻም የሚባሉ ምሁራን በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ አጥንቶቿን አንድ በአንድ በሲቲ ስካን መረመሩ። መሣሪያው ሐኪም ቤት እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ሐኪም ቤት በሽተኛው ተኝቶ ራጁ ይዞረዋል፤ ጉልበቱም ሕያው ሰውን እንዳይጎዳ የተመጠነ ነው። የድንቅነሽ አጥንት ግን በዘመናት ብዛት ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ለድንጋይና ለመሳሰለው ጠጣር ነገር የተሠራ ኃይለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚህኛው ራጁ ባለበት ቆሞ አጥንቱ በመቀመጫው ላይ ይሽከረከራል። ኮምፒዩተሩም ልክ ዳቦ በስሱ እንደሚቆረስ አጥንቱን በሥዕል ይቆርሰዋል፤ ቢላ ሳይነካው። በአሥሩ ቀናት ከ35,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቁራሽ ሥዕሎች ተሰበሰቡ።

ሥዕሎቹ ዓመታት ከተጠኑ በኋላ በ2016 ካፕልማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አነጋጋሪ ጽሑፍ አወጡ። በቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ አጠገብ ያለው ስብራት ሰው ከከፍታ ወድቆ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲደገፍ የሚደርሰውን ይመስላል አሉ። በሦስት አውታር ታትሞ የወጣውን የአጥንቱን ቅጂ ያየ የአጥንት ሐኪምም በዚሁ ተስማማ። የሀገራችን ወጌሻም ቢሆን ይህን ዓይነቱን ስብራት ሳያውቀው አይቀርም። ድንቅነሽ ከዛፍ ላይ፣ ምናልባትም ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ወድቃ ሞታለች የሚል ነው የመደምደሚያቸው ቃል።

ወዲያው ተቃውሞ ገጠማቸው። አግኚዋ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት እንዲህ ያለ ስንጥቅ በሐዳር በተገኙ የሌሎች እንስሳት አጥንቶች ላይም እንደሚታይ፣ ይህም አጥንት ከተቀበረ በኋላ የሚመጣ የመሬት ጫና ውጤት መሆኑን ተናገሩ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ለተማሪ የበጀው ግን ክርክሩ ራሱ ነው። ጽሑፉ በወጣበት ጊዜ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም የትከሻዋንና የጉልበቷን የኮምፒዩተር ፋይል ማንም አውርዶ እንዲያትመው ፈቀደ። ከኢትዮጵያ የተገኘ የጥንት ሰው ዘር ቅሪት በዚህ መልክ ለሕዝብ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የአርኪዮሎጂ ተማሪ፣ የትም ይሁን የት፣ የታተመውን ክንድ በእጁ ይዞ ስብራቱን በጣቱ እየዳሰሰ ከቺምፓንዚና ከሰው ክንድ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። መምህሩ የሚለውን በእምነት ከመቀበል ይልቅ ራሱ አይቶ መፍረድን ይለማመዳል። የሥዕሎቹ ቁራሾች ደግሞ ቅጂ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ያሳያሉ፤ ይኸውም የአጥንቱን ግድግዳ ውፍረት። በዚሁ በ2016 መጨረሻ ላይ በወጣ ሌላ ጥናት የክንዷ አጥንት ከእግሯ ጋር ሲነጻጸር ከእኛ ይልቅ ጠንካራ እንደነበር ከእነዚህ ሥዕሎች ተለክቶ ታወቀ። በእግሯ ብትራመድም ዛፍ መውጣት አልተወችም ማለት ነው።

«ታዲያ ሁሉም ለምን አልተለቀቀም?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሙዚየሙ ጥንቃቄም ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት በአንድ ካዝና ይቆለፋል፤ ፋይል ግን አንዴ ከወጣ ሺህ ሆኖ ይባዛል፣ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የቆየ ቁስል አላቸው። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ፎቷቸውን በኮምፒዩተር ማየት መቻል መጻሕፍቱን እንደ ማስመለስ አይቆጠርም። በድንቅነሽ ጉዳይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዋናው ከባለቤቱ እጅ ሆኖ ነው ሥዕሉ የሚዞረው። እንዲህ ከሆነ መስጠቱ ከመንፈግ ይሻላል፤ በተለይ በአዲስ አበባና በአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂ ለሚማረው ወጣት። ዋናውን አጥንት ለመንካት ተራው ለስንቱ ይደርሳል?

በዚህ መንገድ ከድንቅነሽ ይልቅ ሩቅ የሄደችው ደግሞ ሰላም ናት። አክሱም ተወላጁ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት ቡድን በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ይህች የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን በጠጣር አሸዋማ ድንጋይ ተጠቅልላ ስለነበር፣ ድንጋዩን ፍሬ በፍሬ መልቀም ብቻውን ዓመታት ፈጅቷል። ግሬኖብል ፈረንሳይ በሚገኘው እጅግ ብርቱ ራጅ የጥርሷ ውስጥ ሲታይ በየቀኑ የተጨመረው የእድገት መስመር እንደ ዛፍ ቀለበት ተቆጠረ። በ2020 በወጣው ጥናት መሠረት ሕፃኗ ስትሞት ዕድሜዋ 861 ቀን፣ ይኸውም ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነበር። ቀድሞ ሦስት ዓመት ነበር የሚባለው።

ድንቅነሽ በ2013 ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ካዝናዋ ገባች። በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ሄዳ ለሁለት ወር ያህል ታየች፤ የጉዞው ክርክርም እንደገና ተቀሰቀሰ። የትከሻዋ ቅጂ ግን ፓስፖርትም ሣጥንም አላስፈለገውም። ማተሚያው ያለው ተማሪ ቤት ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሠርቶ ያወጣዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት ቢመጣ ወላጆቹ ገበታው ላይ አስቀምጠው የተሰበረችው ከዛፍ ወድቃ ነው ወይስ መሬት ተጭኗት በሚለው ላይ ሊከራከሩ ይችላሉ። ሊቃውንቱም ገና አልተስማሙበትም።