የልኮሳ ቅኝት

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በመኪና ጥገና መማሪያ ጽሑፎችና በአንዳንድ ጋራዦች ሰሌዳ ላይ «የማቀጣጠያ ጊዜ አወሳሰን ሥርዓት ማስተካከል» የሚል ሐረግ ሲዘወተር አያለሁ። መካኒኮቻችን በአጭሩ «ታይሚንግ» የሚሉትን ሥራ በአገር ቋንቋ ለመሰየም የተነሣ በመሆኑ አሳቡ ይመሰገናል፤ ዳሩ ግን አምስት ቃላት ተሰልፈው የነገሩን ባሕርይ አንዱም ሳይነካው የሚያልፍ፣ ሲጠሩት አፍን የሚያደክም፣ ሲሰሙት ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተወሰደ የሚመስል ስም ለአንድ የእጅ ሥራ መስጠት፣ አማርኛ ለሞተር ነገር አይበቃም ለሚሉ ሰዎች ምስክር ማቆም ነው። ቋንቋው ግን ይበቃል፤ የጎደለው ሥሩን ቆፍሮ የሚያወጣለት ሰው ነው። እኔም ለዚህ ሥራ «የልኮሳ ቅኝት» የሚለውን ስም አቀርባለሁ፤ የመረጥሁበትንም ምክንያት ከወደረኞቹ ጋር እያነጻጸርሁ እገልጣለሁ።

ይህን የምጽፈው ከዓባያ ሐይቅ በላይ፣ ከላንቴ ሜዳ ራስጌ በዓለታማው ተራራ ላይ በተቀመጠችው በኦቾሎ ሆኜ ነው። ኦቾሎ ሽማግሌዎች በዱቡሻ፣ ማለት በሸንጎው አደባባይ፣ ተቀምጠው ነገርን በቃል እየመዘኑ የሚፈርዱባት፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ማርክ አቤሌስም የሸንጎዋን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሐፍ ያሳተመላት አገር ናት። ከዚህ ወርደው በአርባ ምንጭ የመኪና ጥገና የሚማሩ ወጣቶች አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ ትምህርቱን በአማርኛ ሲሰሙ፣ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ሲያነቡ፣ የዕቃውን ስም ደግሞ ከጣልያንኛ በተወረሰው የጋራዥ ቋንቋ ሲለምዱ ሦስት ደጅ ያልፋሉ። እንግዲህ የአማርኛው ደጅ በአምስት ቃላት ከተዘጋባቸው ቃሉን ትተው «ታይሚንግ» ወደሚለው መመለሳቸው ሊያስወቅሳቸው አይገባም።

ነገሩ ራሱ ለአብዛኛው አንባቢ እንግዳ አይደለምና በአጭሩ ላስታውስ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ የአየርንና የቤንዚንን ቅይጥ ጨቁኖ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከካንዴላው ጫፍ ብልጭታ ዘልሎ ቅይጡን ይለኩሰዋል፤ እሳቱም ተስፋፍቶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ብልጭታው የሚዘልለው ፒስተኑ ከጫፍ ሲደርስ ሳይሆን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ምክንያቱም ቅይጡ በአንዴ አይነድም፣ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ለመድረስ ፋታ ይፈልጋል። ብልጭታው እጅግ ከቀደመ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ከዘገየም ኃይሉን አድክሞ ያግለዋል። ይህን መቅደምና መዘግየት ልክ ማስያዝ ነው እንግዲህ ስም የተፈለገለት ሥራ።

ከዚህ ላይ የቃሉን ሥር እንመርምር። «አቀጣጠለ» የሚለው ግሥ ከ«ተቃጠለ» ወገን ሆኖ፣ በመሐሉ ፊደል መደጋገም እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛመተ መሄዱን ያሳያል፤ ጭራሮው እንጨቱን፣ እንጨቱ ጉቶውን ሲይዘው እሳቱ ተቀጣጠለ እንላለን። «ለኮሰ» ግን ሌላ ነው። ጧፍ ይለኮሳል፣ ፋኖስ ይለኮሳል፤ በመስቀልም ዋዜማ ችቦው ደመራውን የሚነካበት ያ የመጀመሪያው ድርጊት መለኮስ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ደመራው በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሁለቱ ቃላት በሕዝቡ አፍ ሳይደባለቁ የሚኖሩ ናቸው፤ ሞተሩም የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ካንዴላው ይለኩሳል፣ ቅይጡ ይቀጣጠላል፤ ልኮሳው ቀድሞ የሚደረገውም መቀጣጠሉ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ የካንዴላውን ሥራ «ማቀጣጠል» ያለው ሐረግ ምክንያቱንና ውጤቱን አንድ አድርጎ ቀላቅሏቸዋል፤ ተማሪውም ብልጭታው ለምን እንደሚቀድም ሲጠይቅ መልሱን ከቃሉ ውስጥ እንዳያገኝ ከልክሎታል። «ልኮሳ» ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ከፈለገ ፍለጋ፣ ከጠበቀ ጥበቃ እንደሚወጣ ሁሉ ከለኮሰ ልኮሳ ይወጣል።

ወደረኞቹን ደግሞ ሳልመረምር አላልፍም፤ ሊቃውንቱ በአንድምታ አንዱን ቃል ከብዙ ወገን እያዩ እንደሚተረጉሙት፣ ሰያሚም አንዱን ከመምረጡ በፊት ሁሉንም መመዘን ይገባዋልና። አንዳንዶች ከክብሪት ተነሥተው «ጫረ» ከሚለው «ጭረት» የሚል ስም ያወጣሉ፤ ነገር ግን መጫር አካልን በአካል መፋቅ ነው፣ በካንዴላው ጫፍ ያለው እሳት ግን ምንም ነገር ሳይፋቅ ክፍተት ዘልሎ የሚያልፍ ነው። ሌሎች «የብልጭታ ጊዜ» ይላሉ፤ ይህ ከሁሉ ይሻላል፣ ሆኖም ብልጭታ የሚታየውን ነገር እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይናገርም፤ ቅይጡ ቀጥኖ ወይም ካንዴላው ቆሽሾ ሳይለኩስ የሚቀር ብልጭታም አለ። ግእዝ የሚያውቁ ደግሞ «ማኅቶት» ከወጣበት ከ«ኀተወ» ግሥ «ኅትወት» የሚለውን ያነሣሉ። ይህ ውበቱ ልብ የሚማርክ ነው፤ «ካንዴላ» በጣልያንኛ ሻማ ማለት ስለ ሆነም የሻማን ሥራ ከማኅቶት ሥር በወጣ ቃል መጥራት ሥሩ ከሥሩ ይገጥማል። ይሁን እንጂ እጁ በግራሶ የተለወሰ ሰው ከኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ ጓደኛውን «ኅትወቱ ዘገየ» ይለዋል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ «ልኮሳው ዘገየ» ግን ዛሬውኑ ይለዋል። ቃል በመዝገብ ይከበራል፣ በአፍ ግን ይኖራል፤ መኖሩም ከመከበሩ ይቀድማል።

«ጊዜ» የሚለውም ክፍል እንደዚሁ ይፈተን። መካኒኩ የሚለካው ሰከንድ ሳይሆን የክራንክ ዘንጉን መዞር በዲግሪ ነው። በብዙዎቹ የ1300 ቮልስ ሞተሮች ልኮሳው ፒስተኑ ከጫፍ ሊደርስ 7.5 ዲግሪ ሲቀረው እንዲሆን ታዝዟል። ሞተሩ በደቂቃ 900 ጊዜ ሲዞር ይህ 7.5 ዲግሪ ከአንድ ሰከንድ ሺሕኛ ክፍል ጥቂት የሚበልጥ ፋታ ነው፤ 3,600 ጊዜ ሲዞር ግን ያው 7.5 ዲግሪ ወደ አንድ አራተኛው ይወርዳል። ማዕዘኑ አልተለወጠም፣ ጊዜው ተለውጧል። ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር በውስጡ ባሉት ክብደቶች ወይም በአየር ሳብ ኃይል ልኮሳውን ይበልጥ የሚያስቀድመውም፣ እሳቱ የሚፈልገው ፋታ በዚያው መጠን ስለማያጥር ነው። እንግዲህ «ጊዜ አወሳሰን» የተባለው ነገር ጊዜን አይወስንም። ልኮሳው የሚሆንበትን ነጥብ ለይቶ መጥራት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ «ቅጽበት» የሚለው አለልን፤ ከ«ቀጸበ»፣ ማለት በዓይን ከመጥቀስ፣ የወጣ በመሆኑ ርዝመት የሌለውን አንዲት ነጥብ በትክክል ይሰይማል።

ለሥራው ሁሉ ግን «ቅኝት» ይበልጣል። በገና ደርዳሪው አውታሩን ጠበቅና ላላ እያደረገ ከድምፁ ልክ ሲያገባው ቃኘ ይባላል፤ የክራር ተጫዋችም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ቅኝት ብሎ ይጠራቸዋል። በዚህ ቃል ውስጥ ልኩ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚቀር እንዳልሆነ፣ ሲላላ የሚመለስበት እንደ ሆነ፣ ጆሮና እጅም አብረው የሚሠሩበት እንደ ሆነ ሁሉ ተጠቃልሎ ይገኛል። «ቅኝት ለወታደርም ይባላል፣ ቃኚ ጦር አለ» ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ አንድ ቃል ሁለት ሥራ መሥራቱ ለቋንቋ ድህነት ሳይሆን ብልጽግና መሆኑን እመልስለታለሁ፤ ከበገናና ከጦር ያላምታታን ቃል ከሞተርም አያምታታንም።

ስሙ በሥራ ላይ ይታይ ዘንድ፣ ቮልስ ያለው ሰው ልኮሳውን በደጁ እንዴት እንደሚቃኝ ልተርክ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ያነሣል፤ አስቀድሞ የፑንቲናውን፣ ማለት እየተጋጠመና እየተለያየ ብልጭታውን የሚያስነሣውን መገናኛ፣ ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ 0.4 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ልኮሳው ይቀድማልና ይህን ሳይፈጽም ወደ ቅኝቱ ቢሄድ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ እያዞረ በፑሌጃው ጠርዝ ላይ ያለውን ለሞተሩ የታዘዘውን ምልክት ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ያገናኛል፤ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትዞረው ጣትም ወደ አንደኛው ሲሊንደር ምልክት ማመልከቷን ያያል። አንዲት ትንሽ አምፖል ወስዶ አንዱን ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ በሚሄደው ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛውን በሞተሩ ብረት ላይ ያስራል፤ ማብሪያውን ከፍቶ፣ የዲስትሪቢውተሩን ማሰሪያ ላላ አድርጎ፣ አምፖሏ እስክትጠፋ ወደ ቀኝ ያዞረውና ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ይመልሰዋል። አምፖሏ ቦግ ያለችበት ያች ነጥብ ፑንቲናው የተለያየበት፣ ቅጽበተ ልኮሳውም የሆነበት ናት፤ ከዚያው ላይ ማሰሪያውን ያጠብቃል። የአራቱ ሲሊንደሮች ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለ ሆነ የካንዴላ ሽቦዎቹን ነቅሏቸው እንደ ሆነ በዚሁ ቅደም ተከተል መመለስ ይገባዋል። ልኮሳው ከታዘዘው ልክ የቀደመውን ቅኝት «ቀዳሚ»፣ የዘገየውን «ደኃሪ» ብንለው፣ ከቤተ ክርስቲያን የለመድናቸው ሁለት ቃላት ያለ ጭንቅ አገልግሎት ያገኛሉ።

ቅኝት የሚለው ስም በእኛ አገር ከሌላው አገር ይልቅ የሚስማማበት ምክንያትም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። በደጋው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቅይጥ ያንሳል፣ እሳቱም ዝግ ብሎ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ የደጋ መካኒክ ልኮሳውን ጥቂት ማስቀደም ይወዳል። ያች መኪና ቅኝቷን እንደ ያዘች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ወርዳ ከላንቴ ወደ ኦቾሎ ሽቅብ ስትጎትት፣ አየሩ ወፍሮ እሳቱ ፈጥኗልና ግፊቱ ገና ከሚወጣው ፒስተን ጋር ይጋጠማል፤ ያልደረሰበትም ቅይጥ በራሱ ይፈነዳል። ብረት በብረት የሚመታ የሚመስለው ድምፅ የዚህ ነው፤ ዝም ብለው ከነዱትም ፒስተን ይበሳል። ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ መመለስ ሊበቃው ይችላል። ለዚህ ሥራ «አወሳሰን» ከሚለው ይልቅ «ቅኝት» የሚለው ምን ያህል እንደሚቀርብ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በዚህ ክርክሬ የውሰት ቃላትን ሁሉ ማሳደዴ አይደለም። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ ከጣልያንኛ መጥተው በአማርኛ ቤት ያደጉ ናቸውና ይኑሩ። አዲስ ስም የሚያስፈልገው ነገሩ ዕቃ ሳይሆን አሳብ ሲሆን ነው፤ ዕቃን በጣት ማሳየት ይቻላል፣ አሳብን ግን ቃሉ ካላሳየው ሌላ የሚያሳየው የለም። ከነደደ «ነዳጅ»ን፣ ከተሽከረከረ «ተሽከርካሪ»ን፣ ከአውራና ከጎዳና «አውራ ጎዳና»ን ያገኘ ቋንቋ ለልኮሳ ስም ይቸግረዋል ማለት ስንፍናን ለቋንቋው ማሸከም ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸውም በ1962 ዓ.ም. ያወጡት ያማርኛ መዝገበ ቃላት ሥሩን ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ናቸው። ይህም መብት ለአማርኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እሳትን «ታማ» የሚለው ጋሞኛ ከዚሁ ከሥሩ ተነሥቶ የራሱን የጋራዥ ቃል ቢያወጣ፣ ተማሪው ከሦስቱ ደጆች አንዱ ይቃለልለታል።

ስለዚህ የማስተማሪያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ መምህራን፣ የጋራዥ ሰሌዳ የምትጽፉ ጠቢባንና የምታጽፉ ባለ ጋራዦች ሆይ፣ «የማቀጣጠያ ጊዜ አወሳሰን ሥርዓት ማስተካከል» የሚለውን ትታችሁ «የልኮሳ ቅኝት» ብላችሁ ጻፉ፤ ነጥቡን ቅጽበት፣ የቀደመውን ቀዳሚ፣ የዘገየውን ደኃሪ በሉት፤ ከዚህ የተሻለ ያገኛችሁ እንደ ሆነም ሥሩን አሳይታችሁ አቅርቡት፣ እኛም ተቀብለን እንጠራበታለን።